ከአንድ ጆንያ የወጣ ባቄላ

ባለፈው ክረምት አርጆ አክስቴ ቤት ሄጄ ውኃ ጠማኝና ከእንስራው ቀድቼ ጠጣሁ። ገና አንዴ እንደ ጎነጨሁ እንዶድ ሸተተኝ። አክስቴ «ኧረ እዚያ ጥግ የእንዶድ ዘለላ ሰቅዬ ነበር፣ ረግፎበት ነው» ብላ ውኃውን ደፋችው፤ እኔ ግን ጣሳውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። እንዶድ እንዶድ የሚል ውኃ ከጠጣሁ ስንት ጊዜዬ! ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ የምንጭ ዳኛ የሆነችበት ዓመት ከአፍንጫዬ አልወጣ አለኝ። «ያ ዓመት» ስል ትልቅ ሴት መሰልኩ አይደል? ገና ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ያኔ ግን የወተት ጥርሴን እየነቀልኩ ጣራ ላይ የምወረውር ልጅ ነበርኩ፤ ስለዚህ ያየሁትን ሁሉ አየሁት እንጂ የገባኝ ኋላ ነው።

ሰፈራችን ነቀምቴ ጨለለቂ ነው። የቧንቧ ውኃ ያኔ እኛ ጋ አልደረሰም፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠጣው ከቁልቁለቱ ሥር ካለ አንድ ምንጭ ነበር። ከላይ ከድንጋዩ ሥር የሚፈልቀው ለሰው ነው። ከእሱ ተርፎ የሚወርደው ኩሬ ለከብት ነው። ከዚያ ደግሞ ከጠፍጣፋው ድንጋይ በታች ልብስ ይታጠባል። የሚታጠበው በእንዶድ ስለሆነ ከድንጋዩ በታች ሁልጊዜ ነጭ አረፋ ነበር፤ እኔና ጓደኞቼ አረፋውን በእፍኛችን አንሥተን ጢም እንሠራበታለን።

ከምንጩ ሕግ ሁሉ የሚገርመኝ የሰልፉ ነበር። ጠዋት የመጣች ሴት እንስራዋን ከመጨረሻው እንስራ ኋላ ታስቀምጥና ወደ ቤቷ ተመልሳ ሥራዋን ትሠራለች። ሰልፉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እዚያ ያሉት ሴቶች የሌለችዋን እንስራ እንደ ራሳቸው ወደ ፊት ያስጠጉላታል። ስትመለስ ተራዋ ደርሶ ታገኘዋለች። እኔ ይኼን መቼ አወቅሁ! እንስራችንን ከጅራቱ ትተን ሄደን ስንመለስ ከፊት ሳገኘው፣ እንስራዎች ሰው ሳያያቸው የሚራመዱ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ቁጥቋጦ ሥር ተደብቄ እግራቸውን ስጠብቅ ውዬ እናቴ በአለንጋ መለሰችኝ።

ይህን ሁሉ የምታስከብረው የምንጭ ዳኛ ናት። ደመወዝ የላት፣ ዱላ የላት። ለብዙ ዓመት ዳኛ የነበረችው አዴ ድንቄ የምትባል ረጅም ሴት ነበረች፤ እኛ ጋ እንደ «እትዬ» «አዴ» ነው የሚባለው። አዴ ድንቄ የሚሲዮኑ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ትዘምራለች፤ ምንጩ ጋ ግን ድምፅዋን አታሰማም። ሕግ ያፈረሰችውን ሴት ዝም ብላ ታያታለች፤ ሴትየዋም ራሷ «እሺ እሺ፣ ረስቼው ነው» እያለች ትመለሳለች። አንድ ጊዜ የሰፈሩ ሹም በቅሏቸውን ከላይ፣ ከሰው መጠጫው ሊያጠጡ ቢመጡ አዴ ድንቄ ከፊታቸው ቆማ አልንቀሳቀስም አለች። ሹሙ ቆሮ ጉደታ ይባላሉ። ወለጋ የሰፈር ሹም ቆሮ ይባላል። ያን ቀን በቅሏቸውን እየጎተቱ ወደ ታች ወረዱ፤ ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው ያዙ።

እናቴ ደግሞ የሸዋ ልጅ ናት። አባቴ እዚህ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሲሆን ነው ተከትላው የመጣችው። ኦሮምኛዋ ይሰናከላል። ሴቶቹ ሲስቁ ምን እንዳሳቃቸው ለማወቅ ፊታቸውን በየተራ ታይና ከሁሉም ዘግይታ ትስቃለች። ማንም ክፉ አላደረጋትም፤ «አዴ የሺ» ይሏታል፣ ስትወልድም ገንፎ ይዘው መጥተውላታል። እሷ ግን አሁንም በእንግድነት የምትታይ ይመስላት ነበር። በዚያ ዓመት ለምንጭ ዳኝነት ልወዳደር ብላ ተነሣች። አባቴ «ውኃሽን ቀድተሽ አትመጪም? ዳኝነት ምን ያደርግልሻል?» ሲላት፣

«ከመረጡኝ ከእነሱ ተቆጠርኩ ማለት ነው» አለችው።

ምርጫው በየዓመቱ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ከቆሮው ግቢ ፊት ለፊት ካለው ሾላ ሥር ነው የሚደረገው። እያንዳንዷ ሴት ከቤቷ አንዲት ፍሬ እህል በጭብጧ ይዛ ትመጣለች። በዚያ ዓመት በቆሎ ለአዴ ድንቄ፣ ባቄላ ለእናቴ ተባለ። ጠባብ አፍ ያለው ጎምቦ በጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጥና ሴቶቹ ተራ በተራ እጃቸውን ከጨርቁ ሥር አስገብተው ይጥላሉ። እኔ ምርጫ ማለት ይኼው ብቻ ይመስለኝ ስለነበር፣ አባቴ በዚያው ዓመት ለፓርላማ እንደራሴ ሊመርጥ ባዶ እጁን ሲወጣ «አባዬ እህሉን ረሳኸው!» እያልኩ በቆሎ ይዤ መንገድ ድረስ ተከትዬዋለሁ። ጎረቤቶቻችን እስከ ዛሬ ይስቁብኛል።

የምርጫው ቀን የመጨረሻዋ ሴት ጥላ ሳትጨርስ ዝናብ ወረደ፤ የወለጋ ዝናብ መስቀል አለፈ ብሎ የሚሄድ አይደለም። ቆሮ ጉደታ «እህሉ ከሚበሰብስ ጎምቦውን ቤቴ አሳድረዋለሁ፣ ጠዋት ይቆጠራል» አሉ። ሴቶቹ ተያዩ፤ ግን ዝናቡ ይወርዳል፣ ልጆች ያለቅሳሉ፤ ሁሉም ወደየቤቱ ሮጠ።

ጠዋት ከእናቴ ጋር ቀድመን ደረስን። እሷ ሾላው ሥር ስትቆም እኔ የቆሮውን ግቢ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ዶሮዎቻቸው ጓሮ በቆሎ ይለቅማሉ። እንዲያ ያለ በቆሎ አይቼ አላውቅም! ቀዩ፣ ነጩ፣ ቢጫው፣ ጥቁር ሐምራዊው፣ ሁሉም ተደባልቋል። ለዶሮ ይኼን የመሰለ ቁርስ ማቅረባቸውን አይቼ ቆሮው በጣም ደግ ሰው መሰሉኝ።

ከዚያ ጎምቦው ሰፌድ ላይ ተገለበጠ። ባቄላ! ባቄላ በባቄላ ሆነ። በቆሎው በመካከሉ እዚህም እዚያም ጣል ጣል ብሏል። ቆሮው «አዴ የሺ ተመርጣለች!» ብለው አጨበጨቡ፤ ከእሳቸው ሌላ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ሴቶቹ ሰፌዱን ነው የሚያዩት። ባቄላው ሁሉ ትልልቅ፣ የሚያብረቀርቅ፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ ነበር፤ ጭሰኛቸው በዚያ ሰሞን ከአርጆ በጆንያ ያመጣላቸው ዓይነት። ከየቤቱ የሚመጣ እህል እንዲህ አይሆንም። የአንዷ ጭስ የበላው ነው፣ የአንዷ ነቀዝ የበሳው፣ የአንዷ ቀጫጫ። ጎረቤታችን እማማ ወለቱ እንዲያውም ቤታቸው ጥሬ ስላልነበረ የተቆላ ባቄላ ነበር የጣሉት፤ ያቺ ፍሬ ጠቁራ ከዚያ ሁሉ መሐል ትታያለች።

እናቴ ሰፌዱ አጠገብ ተቀመጠችና ባቄላውን በጣቶቿ ማገላበጥ ያዘች። አንዲት ትንሽ ቡናማ ፍሬ አወጣች፤ አየቻት፤ መልሳ ጣለቻት። ሌላ አወጣች፤ ተወችው። ለወጥ የምትለቅም መስሎኝ አብሬያት ልለቅም ስቀመጥ እጄን መታችኝ። ፊቷ ላይ ሲመጣ የነበረው ሳቅ መንገድ ላይ እንዳለ ቀረ።

ማታ ራት ስንበላ ስለ ዶሮዎቹ ነገርኳት። «እማዬ፣ ቀይም ሐምራዊም በቆሎ ነበር እኮ!» ስላት አባቴን አየችው፣ እኔን አየችኝ፤ «ዝም ብለሽ ብዪ» አለች። ዝም ብዬ በላሁ። እሷም ዝም አለች። ዝምታዋ እስከ ገና ቆየ።

አሁን ሳስበው ይደንቀኛል፤ አንድም ሰው አልሰደባትም። እንዲያውም ከበፊቱ ይበልጥ አከበሯት። «አዴ የሺ» ቀርቶ «ዳኛችን» ሆነች። «አከም ቡልቴ፣ ዳኛችን? እንዴት አደርሽ?» ብለው እጅ ይነሷትና አልፈዋት ሄደው የፈለጉትን ያደርጋሉ። መጀመሪያ የጀመረችው አዴ ቶለሼ ናት። አዴ ቶለሼ ምላሷ የማይታጠፍ፣ በሳቋ ሰፈሩን የምትቀሰቅስ ሴት ናት። አንድ ጠዋት ጋቢዋን ከጠፍጣፋው ድንጋይ በላይ ዘፍዝፋ እንዶድ ታሻለች።

«አዴ ቶለሼ፣ ከድንጋዩ በታች እኮ ነው» አለቻት እናቴ ለስለስ ብላ።

«ከየትኛው ድንጋይ?»

«ይኼ ነዋ! ሁልጊዜ የምታጥቢበት።»

«ለእኔ ድንጋይ አይታየኝም፣ ዳኛዬ። ዓይኔን አሞኛል። ምናልባት ባቄላ ስላልበላሁ ይሆናል።»

ሴቶቹ ሳቁ። እናቴ እንደ ልማዷ ፊታቸውን አየች፤ በዚህኛው ግን ዘግይታም አልሳቀችም። እኔ አዴ ቶለሼ የምር ታመመች ብዬ አዘንኩላትና በማግስቱ እጇን ይዤ ድንጋዩ ድረስ መራኋት። እሷም ጎንበስ ብላ ግንባሬን ሳመችኝና ተመልሳ ከላይ አጠበች።

ሕጉ ያው ነው፤ አንድ ቃል አልተለወጠም። እናቴ አዴ ድንቄ የምትለውን ነው የምትለው፣ ያውም ድምፅዋን አሳምራ። እኔ የደረስኩበት መላ ሕግ እንደ ቅቤ ሲቆይ ይበላሻል የሚል ነበር፤ ጊዜው አልፎበት ነው ብዬ ደመደምኩ። ውሎ አድሮ ሰልፉም ተበተነ። ቀድማ የደረሰች ሳትሆን ክንዷ የጠነከረች ቀዳች። እናቴን በእውነት የመረጡት እማማ ወለቱ እንኳ አንድ ቀን በሰው መሐል ሲጋፉ እናቴ «እማማ፣ እርስዎም?» ብትላቸው፣

«ምን ላድርግ ልጄ? ሁሉም ሲጋፋ እኔ አሮጊቷ ብቻዬን ቆሜ ልቅር?» አሉ፤ የጎጃም ሰው ናቸው፣ ሲቆጡም ሲለምኑም ድምፃቸው አንድ ነው።

ነገሩ ከምንጩም አለፈ። ጥጃ በተራ የሚጠብቁት ቤቶች ተራቸውን ተዉ። አመድ ጉድጓድ እያለ መንገድ ላይ ይደፋ ጀመር። አንዱ ሲጠየቅ «ታዲያ ማን ምን ይለኛል?» ይላል፤ ያንን ቃል በዚያ ዓመት በየአጥሩ ሥር ሰምቼዋለሁ። ቆሮ ጉደታም በቅሏቸውን ከላይ ማጠጣት ጀመሩ። እናቴ «ጌታዬ፣ ከታች ቢያጠጧት» ስትላቸው፣ ሕፃን ቀልድ እንደ ነገራቸው ሰው ሳቁና «ጎሽ! ጠንካራ ዳኛ ነሽ» ብለው በቅሏቸውን አስጠጡ።

ውኃው እንዶድ መሽተት ጀመረ። ትንንሾቹ ዓሦች ነጭ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ሲንሳፈፉ አይቼ ፀሐይ የሚሞቁ መስሎኝ ነበር። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሆዱን እየያዘ አጥር ለአጥር ይሮጣል፤ እኔም ሮጫለሁ።

ከዚህ ሁሉ ግን ያሳዘነኝ የእንስራችን ነገር ነው። እናቴ በድሮው ልማድ እንስራዋን አስቀምጣ ትሄዳለች፤ ስንመለስ እዚያው፣ ያስቀመጠችበት ቦታ፣ ብቻውን ቆሞ እናገኘዋለን። ሌሎቹ ሁሉ ቀድተው ሄደዋል። «እማዬ፣ የኛ እንስራ ለምን አይራመድም?» አልኳት አንድ ቀን። እንስራውን አዝላ አቀበቱን ስትወጣ ከኋላዋ እየሄድኩ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ከብዷት ነው አልኩ።

ገና ካለፈ በኋላ የቦይ ጠረጋ ቀን መጣ። በየዓመቱ በዚያ ቀን ከየቤቱ አንድ ሰው መቆፈሪያ ይዞ ወጥቶ ደለሉን ያወጣል። እናቴ ከማለዳ ጀምራ አስታወቀች፤ «እሺ ዳኛችን» ያላላት የለም። እኔና እሷ ምንጩ ጋ ቆመን ጠበቅን። ፀሐይ ወጣች፤ ሞቀች፤ ማንም አልመጣም። በመጨረሻ እናቴ ብቻዋን ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ወረደችና መቆፈር ጀመረች። ጥቂት ቆይቶ የእግር ኮቴ ሰማን፤ አዴ ድንቄ ናት፣ መቆፈሪያዋን ተሸክማ።

«አንቺ ለምን መጣሽ?» አለቻት እናቴ።

«ቡርቃው ምን አጠፋ?» አለች አዴ ድንቄ፤ ምንጩን ማለቷ ነው። ሌላ ሳትናገር ጭቃው ውስጥ ገባች።

ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆፍሩ ረጅም ጊዜ ሆነ። ጭቃው የበሰበሰ ቅጠልና እንዶድ ይሸታል። ድንገት እናቴ ቀና አለችና፣

«ባቄላዬን አውቃታለሁ» አለች። «ጭስ የበላት ትንሽዬ ናት። ሰፌዱ ላይ አገኘኋት።»

«ስታገላብጪ አይቼሻለሁ።»

«ሌላውንስ? ሁላችሁም አያችሁት?»

«ዓይን የሌላት ማን አለች?»

«ታዲያ አንዳችሁ እንኳ ለምን አልተናገራችሁም?»

አዴ ድንቄ መቆፈሪያዋን ተደገፈች። «እኛ ብንናገር የምንናገረው ለቆሮው ነው። እሱ ምን ይለናል? ተሸንፋችሁ ነው ይለናል። አንቺን ጠበቅንሽ፣ የሺ። ዛሬ ትናገር ይሆናል፣ ነገ ትናገር ይሆናል እያልን ጠበቅንሽ።»

እናቴ ጭቃውን ከመቆፈሪያዋ ጠረገች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ካልተመረጥሽ ከእኛ አይደለሽም እንዳልባል ፈርቼ ነው» አለች።

አዴ ድንቄ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። «ቶለሼ በየዓመቱ ትወዳደራለች፤ አንድም ዓመት ተመርጣ አታውቅም። እሷ ታዲያ ከእኛ አይደለችም?»

እሁድ፣ ኦርቶዶክሱም የሚሲዮኑም ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ እናቴ ጣሳ ሰጥታ እየመታሁ ሰፈሩን እንድዞር ላከችኝ። «አንድ አንድ ፍሬ ይዛችሁ ምንጭ ኑ በያቸው።» እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ጣሳው እስኪጎደጉድ ድረስ ደበደብኩት። ሴቶቹ መጡ፤ እጃቸውን ጨብጠው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ምን ልትል ነው እያሉ። ጎምቦ የለም፣ ጨርቅ የለም። እናቴ ባዶ ሰፌድ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ በፀሐይ አስቀምጣ ቆማለች።

«ያን ጊዜ አልመረጣችሁኝም» አለች በዚያ በሚሰናከል ኦሮምኛዋ። «አይቼ ዝም አልኩ። አሁን እንደገና እንምረጥ።»

ገና ማንም አፉን ሳይከፍት ቆሮ ጉደታ በበቅሎ ደረሱ። ጣሳዬን ሳይሰሙ አልቀሩም።

«ይኼ ምንድነው? ምርጫው አልፏል! ማን ፈቅዶላችሁ ነው?»

«ዳኛዋ ፈቅዳ ነው፣ ጌታዬ» አለች እናቴ።

«የምን ዳኛ?»

«እኔ ነኛ! እርስዎ አይደሉ በባቄላ ተመርጣለች ብለው ያጨበጨቡልኝ? ወይስ አልተመረጥኩም ኖሯል?»

ቆሮው ሴቶቹን አዩ፤ ሴቶቹም አዩአቸው፤ ሁሉም እንደ አዴ ድንቄ ዝም ብለው ያያሉ። ያኔ አዴ ቶለሼ በትሕትና ጎንበስ አለችና፣

«ጌታዬ፣ በቅሎዎ ጠምቷታል መሰለኝ። ታች ኩሬው ክፍት ነው» አለች።

«የሴት ጨዋታ!» ብለው ወደ ታች ነዱ። በቅሏቸው ግን ከኩሬው ረክታ ጠጣች፤ አይቻታለሁ።

ሴቶቹ በየተራ ጭብጣቸውን ሰፌዱ ላይ ፈቱ። ቀይ፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ ሐምራዊ በቆሎ! የዶሮዎቹን ቁርስ አስታወስኩ። የእናቴ ተራ ሲደርስ እጇን ዘረጋች፤ በቆሎ ነበር።

«እማዬ ተሳሳትሽ! ያንቺ ባቄላው ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እናቴም ሳቀች፤ በዚህኛው ከሁሉም እኩል።

አዴ ድንቄ ተመረጠች። የባቄላው ፍሬ እፍኝ አይሞላም ነበር፤ አንዱ ከሌላው የማይመሳሰል፣ የተጨማደደ፣ ነቀዝ የበሳው። እናቴ አንድ በአንድ ለቅማ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። «እነዚህ የኔ ናቸው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ። እማማ ወለቱ አሁንም የተቆላ ነበር የጣሉት፤ እሱን ለኔ ሰጠችኝና ቆረጠምኩት።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ምንጭ ስንወርድ እናቴ ዳኛ በነበረችበት ልማድ ሳታስበው ቀጥ ብላ ወደ ፊት ሄደች። ከሰልፉ መሐል የአዴ ቶለሼ ድምፅ ተንጫረረ፦

«አዴ የሺ! ወዴት ነው? ዓይንሽን አሞሻል እንዴ? ኋላ!»

ለእናቴ ደነገጥኩላት። እሷ ግን ፊቷ በራ። «እሺ እሺ፣ ረስቼው ነው» እያለች ወደ ጅራቱ ተመለሰች፤ እንስራዋን ከመጨረሻው እንስራ ኋላ አስቀመጠች፤ እጄን ይዛኝ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብላ ሳታየው፣ ወደ ቤት ሄድን። ቤት ጠረገች፣ እንጨት ፈለጠች፣ ፀጉሬን ሠራችልኝ። ስንመለስ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች።

እንስራችን ከፊት ነበር።